ሃያዎቹ መጻሕፍት፤ የባሕረኛውና የመምህሩ ምልልስ

ጎረቤቴ የሆኑት አዛውንት በወጣትነታቸው በንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ ላይ ያገለገሉ ሰው ናቸው። በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ካለው አሮጌ መደርደሪያ ላይ፣ ፓትሪክ ኦብራያን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ስለ ካፒቴን ጃክ ኦብሪና ስለ መርከብ ሐኪሙ ስለ ስቲቨን ማቱሪን የጻፋቸውን ሃያ የልብ ወለድ መጻሕፍት በተራ ደርድረው አኑረዋል። እኔም የሥነ ጽሑፍ መምህር እንደ መሆኔ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እየተዋስሁ በሁለት ዓመት አንብቤ ጨረስሁና፣ የመጨረሻውን ለመመለስ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ በመካከላችን የተደረገውን ንግግር ከዚህ በታች እንደ ነበረ ጽፌዋለሁ። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

መምህር፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ፤ ይኸው ሃያኛውን አምጥቼልዎታለሁ። ሽፋኑም አልተጐዳም፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው የያዝሁት።

ባሕረኛ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ተቀመጥ ልጄ። ቡናው እስኪፈላ ፍርድህን ልስማ። አሥራ ሁለተኛውን ስትመልስ ጠይቄህ «ልጨርስና እነግርዎታለሁ» ብለኸኝ ነበር፤ እነሆ ጨረስህ።

መምህር፦ ደራሲው ታላቅ መሆኑን አልክድም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1969 አሳትሞ ሃያኛውን በ1999 እስኪያወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሁለቱ ሰዎች ሳይለይ መኖሩ ብቻውን የሚያስደንቅ ትዕግሥት ነው። ነገር ግን ለእርስዎ የመሰለኝን ካልሸሸግሁ፣ በአሥር መጻሕፍት ሊፈጸም ይችል የነበረው ታሪክ በሃያ ተለጥጧል እላለሁ፤ ማሳደዱና መሸሹ፣ ምርኮውና ማምለጡ፣ የኦብሪ ባለዕዳ መሆንና እንደገና ባለጸጋ መሆን እየተመላለሰ ሲመጣ፣ አንባቢው ይህን ወደብ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ ማለቱ አይቀርም።

ባሕረኛ፦ አይቶታል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ወደ አንድ ወደብ ስንት ጊዜ ይገባል መሰለህ? ይህን ክርክር ግን ለኋላ እናቆየው። መጀመሪያ ቀላሉን ንገረኝ፤ የመርከቡ ቋንቋ አላስቸገረህም?

መምህር፦ እንዴት አያስቸግረኝ! ከመጽሐፉ መግቢያ ላይ ያለውን የሸራዎች ሥዕል፣ እያንዳንዱ ሸራ ከነቍጥሩ የተሣለበትን ማለቴ ነው፣ በጣቴ ይዤ እየገለጥሁ ነበር የማነበው። ደቀሉ ከታች እስከ ላይ በሦስት ክፍል የተቀጠለ፣ ለእያንዳንዱም ክፍል ሌላ ስም ያለው መሆኑን ለመረዳት አንድ ሳምንት ወሰደብኝ። ብዙ አንባብያን በመጀመሪያው መጽሐፍ ኀምሳኛ ገጽ ላይ ሳይደርሱ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ አልፈርድባቸውም።

ባሕረኛ፦ እኔ የብረትና የሞተር መርከብ ሰው ነኝ። አሜሪካኖች በ1962 በሰጡን፣ «ኢትዮጵያ» ተብላ በተሰየመችው መርከብ ላይ ስንሠራ የሸራ ገመድ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ከግማሽ የሚበልጠው ቃል ለእኔም እንግዳ ነበር። ሆኖም ግዕዝ የማያውቅ ምእመን በቅዳሴው ጊዜ ውጭ አይቆምም። ዜማው ያደርሰዋል፤ መቼ እንደሚሰገድና መቼ እንደሚነሣ ያውቃል፤ ቃሉም ከዓመታት በኋላ ሳይታወቀው ይገባዋል። ኦብራያንም ይህን አውቆ ነው ሐኪሙን ከአጠገባችን ያቆመልን። በመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ ወጣት መርከበኛ ማቱሪንን ወደ ደቀሉ አውጥቶ ገመዱን ሁሉ ሲያስረዳው፣ ማቱሪን ቋንቋ የማይገድበው፣ የአእዋፍንና የአራዊትን ጠባይ የመረመረ ሊቅ ሲሆን፣ ከትምህርቱ እምብዛም ነገር አይዝም። ከዚያም በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ከጀልባ ወደ መርከብ ሲወጣ ውኃ ውስጥ የሚወድቅ ሰው ነው። ያላወቀውን ነገር አንተም ባታውቅ ታሪኩ አያልፍህም።

መምህር፦ ስለ መጀመሪያው መጽሐፍ ካነሡ፣ የመጀመሪያው ትዕይንት ከሁሉ አብልጦ ከልቤ ቀርቷል። ማኖርካ ደሴት፣ ፖርት ማኦን ላይ፣ በአገረ ገዢው ቤት የሙዚቃ አዳራሽ፣ አራት ሰዎች የሎካቴሊን ድርሰት ይጫወታሉ። ኦብሪ ሹመት ያጣ፣ ተስፋው የጨለመ የባሕር መኰንን ነው፤ ግዙፍ ሰውነቱን በትንሽ ወንበር ላይ አስቀምጦ የዜማውን ምት በእጁ ጉልበቱን እየመታ ሲቈጥር ከሙዚቀኞቹ ይቀድማል። ከአጠገቡ የተቀመጠው፣ ልብሱ ያረጀ፣ ጥቍርና ቀጭን ሰው ትዕግሥቱ ያልቅበትና በክርኑ ይጐስመዋል። ለጠብ ተፈላልገው ይለያያሉ። ኦብሪ ግን በዚያው ሌሊት ወደ ማደሪያው ሲገባ፣ በ1800 ሚያዝያ መባቻ የተጻፈ፣ «ሶፊ» የምትባል የጦር መርከብ አዛዥ አድርጎ የሚሾመውን ደብዳቤ ያገኛል። በማግሥቱ በመንገድ ላይ ያንኑ ሰው ሲያገኘው በደስታ ብዛት ቂሙን ረስቶ ይቅርታ ይጠይቀዋል፤ ያ ሰው ደግሞ የዕለት ምሳ መግዣ እንኳ የሌለው ሐኪም ሆኖ ይገኛል።

ባሕረኛ፦ አየህ፤ ወዳጅነቱ ከጠብ ጀመረ። ጠቡም በገንዘብ ወይም በሴት ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ዜማውን ስለ ቀደመና ሌላው ስላልታገሠው ነው። ኋላም አንዱ በቫዮሊን ሌላው በቼሎ፣ በመርከቡ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው ሃያ መጻሕፍት ሙሉ አብረው ሲጫወቱ፣ ያች የመጀመሪያዋ ሌሊት ከሥር ትሰማለች። ምቱን ለመጠበቅ የተማሩት አንዳቸው ከሌላው ነውና።

መምህር፦ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን የደራሲውን የፈጠራ ኀይል ሳደንቅ ቆይቼ፣ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ታላቁ ውጊያ ከእውነተኛ ሰው ሕይወት እንዳለ የተወሰደ መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ልቤ ጥቂት ቀዝቅዞ ነበር።

ባሕረኛ፦ ስለ ሎርድ ኮክሬን ማለትህ ነው።

መምህር፦ አዎን። ግንቦት 6 ቀን 1801 ቶማስ ኮክሬን «ስፒዲ» በምትባል ትንሽ መርከብ 54 ሰዎች ይዞ፣ 32 መድፍና 319 ሰዎች የነበሯትን «ጋሞ» የተባለች የእስፓኝ መርከብ ማረከ። ኦብራያን የመርከቦቹንና የሰዎቹን ስም ለወጠ እንጂ የውጊያውን አካሄድ አልለወጠም።

ባሕረኛ፦ እርሱም ራሱ በመጽሐፉ መቅድም ይህንኑ ተናዝዟል፤ ውጊያዎቹን ከዘመኑ ጽሑፎችና ከመርከብ መዛግብት እንዳገኘ ሳይሸሽግ አስታወቀ። እኔ ግን ልብህ ለምን እንደ ቀዘቀዘ አልገባኝም። ልብ ወለድ ጸሓፊ እንዲህ ያለውን ነገር ከራሱ ቢፈጥር ማን ያምነዋል? የስፒዲ መድፎች አሥራ አራት ነበሩ፤ የእያንዳንዱም ጥይት ክብደት አራት ፓውንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ ኮክሬን በአንድ ጎን በኩል የሚተኰሱትን ጥይቶች ሁሉ በካፖርቱ ኪስ ጨምሮ በመርከቡ ላይ ይመላለስ እንደ ነበር በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ተርኳል። እንግዲህ ከእንደዚህ ያለች መርከብ ላይ ሆኖ ታላቂቱን ከሩቅ ቢገጥማት በደቂቃዎች ውስጥ ሰባብራ ታሰጥመው ነበር። እርሱ ግን ተጠግቶ ከጎኗ ተለጠፈ። የእስፓኝ መርከብ ረዥም ስለሆነች መድፎቿን ወደ ታች አዘንብላ ልትመታው አልቻለችም፤ ጥይቷ በራሱ ላይ እያለፈ ሸራውንና ገመዱን ብቻ ቀደደ። የእርሱ መድፎች ግን ከታች ወደ ላይ ወለሉን ሰንጥቀው ወጡ። ከዚያም ሰዎቹን ሁሉ ይዞ ሲወጣባት በስፒዲ ላይ መሪውን ይዞ የቀረው ማን እንደ ሆነ ታውቃለህ?

መምህር፦ የመርከቧ ሐኪም።

ባሕረኛ፦ ሐኪሙ ብቻ! ካፒቴኑ ሰይፉን መዝዞ ከጠላት መርከብ ላይ ሆኖ፣ ሐኪሙ ባዶዋን መርከብ በእጁ ይዞ። እኔ ይህን ከታሪክ መጽሐፍ ባነበብሁ ጊዜ፣ ኦብራያን ሃያዎቹን መጻሕፍት ያገኘው ከዚህ ነው አልሁ። ከውጊያው ይልቅ ከዚያ መሪ ላይ ካለው እጅ።

መምህር፦ ይህን አላሰብሁትም ነበር። እንዲህ ከሆነ ስለ አሥራ አንደኛው መጽሐፍ የማስበውን ልንገርዎ። ኮክሬን በ1814 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ማጭበርበር ተከሶ ሲፈረድበት፣ በአደባባይ አንገትና እጁ በእንጨት ቀንበር ተይዞ ለሕዝብ መዘባበቻ እንዲቆም ከተወሰነበት ቅጣት ተምሯል። በልብ ወለዱ ግን ኦብሪ በንጹሕነቱ ተከስሶ ያ ቅጣት ተፈጸመበት። የአደባባዩን ሰዓት ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ከክፍሉ ወጥቼ ነበር። ከእንግሊዝ ወደቦች ሁሉ የመጡ መርከበኞች፣ አብረውት ያገለገሉትም ያላገለገሉትም፣ አደባባዩን ሞልተው ድንጋይ ሊወረውሩ የተቀጠሩትን ዋልጌዎች ካባረሩ በኋላ፣ አንገቱ በእንጨቱ መካከል ሲገባ ሁሉም በአንድነት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ታሪክ የማረለትን ቅጣት ደራሲው ያልማረለት ይህን ክብር ሊያሳየን ፈልጎ ነው።

ባሕረኛ፦ እንዲህ ስታነብ ነበርና «ተለጥጧል» የምትለው? ያ አደባባይ በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ቢመጣ ኖሮ ባርኔጣ ያወለቁት ሰዎች ለአንተ ስም የሌላቸው ሕዝብ ብቻ ይሆኑ ነበር። አሥር መጻሕፍት ካነበብህ በኋላ ግን ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹን ታውቃቸዋለህ፤ ይህኛው እጁን ያጣበትን ውጊያ፣ ያኛው የተገረፈበትን ቀን ታስታውሳለህ።

መምህር፦ ስለዚህ ነገር ተረታሁ እንበል። ነገር ግን ጋሼ፣ ስለ ዘመኑ ቍጥር ምን ይላሉ? የታሪክ ልብ ወለድ እየጻፈ ከታሪክ ወሰን መውጣት ይገባልን? ታሪኩ በ1800 ጀምሮ በስድስተኛውና በሰባተኛው መጽሐፍ ላይ ወደ 1813 ደረሰ፤ የናፖሌዎን ጦርነት ደግሞ በ1815 ያልቃል። ደራሲው ዓመት እንዳለቀበት ባየ ጊዜ፣ በአሥረኛው መጽሐፍ መቅድም፣ ይህን ያህል መጽሐፍ እንደሚጽፍ ቢያውቅ ኖሮ ከቀደመ ዘመን ይጀምር እንደ ነበር ተናግሮ፣ እንደ 1812 «ሀ» እና 1812 «ለ» ያሉ፣ በመቍጠሪያ ላይ የሌሉ ዓመታትን ለመጠቀም ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ መርከቢቱ ዓለምን ስትዞር ጦርነቱ ቆሞ ይጠብቃታል። በታሪክ ትክክለኛነቱ የሚመሰገን ደራሲ እንዲህ ሲያደርግ ጥፋት አይደለምን?

ባሕረኛ፦ ጥፋት ነው። ጥፋቱን ግን ከአንባቢው አልደበቀም፤ ፈቃድ ጠየቀ፤ እኔም ሰጠሁት። አንድ ነገር ልንገርህ። ከምጽዋ ተነሥተን ለቀናት በባሕር ላይ ስንቆይ፣ ሰዓቱ በፈረቃ ይቈጠራል፤ ደወሉ በየግማሽ ሰዓቱ ይመታል፤ ሁሉ ነገር በልክ ነው። ግን ሰኞ ይሁን ሐሙስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰዓቱን እያወቅህ ቀኑን ታጣዋለህ። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ከሰዓቱ ውስጥ ትኖራለህ፤ ዓመቱ ግን ከየብስ ላይ የቀረ ነገር ይሆናል። ልጆቹ በሚገባቸው መጠን አለማደጋቸው ግን እኔንም ያስከፋኛል፤ በዚህ አልከራከርልህም።

መምህር፦ ጥሩ። አሁን ደግሞ ብዙ አንባብያን የሚከፋፈሉበትን ላንሣ፤ እርሱም በ1972 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ «ፖስት ካፕቴን» ነው። ውጊያ የወደዱ ሁሉ ይህን ይጠሉታል። ብዙ ክፍሉ በየብስ ላይ ነው፤ የገጠር ቤት፣ ጭፈራ፣ ጋብቻ የሚጠብቁ ደናግል፣ ለልጆቿ ባል የምትሻ እናት፤ የደራሲዋ የጄን ኦስተን ዓለም ነው እንጂ የኦብሪ ዓለም አይደለም ይላሉ። እኔም እየቸኰልሁ አለፍሁት።

ባሕረኛ፦ ባትቸኵል ይሻልህ ነበር። እኔ በመጀመሪያ ንባቤ ጊዜ እንዳንተ ገጹን ሳገላብጥ ነበር፤ በሦስተኛው ንባብ ግን ከሁሉ የበለጠ ሆነብኝ። ኦብሪ በመርከቡ ላይ ሳለ ነፋሱ ከመለወጡ በፊት የሚያውቅ ሰው፣ እግሩ የብስ በረገጠ ጊዜ አታላይ ወኪል ገንዘቡን በላበት፤ ባለዕዳ ሆኖ ለእስራት ከሚፈልጉት ሰዎች ሸሸ፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ እርሱና ማቱሪን ዳያና የምትባል አንዲት ሴት ወድደው፣ ለመገዳደል ቀን እስኪቀጥሩ ድረስ ተጣሉ። ያን ቀን በመካከላቸው የተነገረውን ቃል በኋላ ሲያነሡት አላየሁም። ታርቀው አብረው ይበላሉ፤ ቃሉ ግን በመካከላቸው እንዳለ ነው። እኔ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ እንዲሁ ያለ ነገር በመካከላችን ሳንነካው አርባ ዓመት የኖርን። ስለዚህ ያን መጽሐፍ አልነቅፈውም።

መምህር፦ የድቡ ታሪክስ? ኦብሪ የድብ ቆዳ ለብሶ፣ ማቱሪን ድብ አስጨፋሪ መስሎ ከፈረንሳይ ወደ እስፓኝ ተራራውን ሲያቋርጡ፣ በአሥር ጣት የሚቈጠር ሰው እንኳ የሚያምነው አይመስለኝም።

ባሕረኛ፦ እኔም አላምነውም፤ ነገር ግን በቆዳው ውስጥ ሆኖ የሚያልበውን ሰው ላብ አምናለሁ። ማቱሪን እስከ ካታሎኒያ ርስቱ ድረስ ወዳጁን በሰንሰለት እየሳበ በገበያ መካከል ሲያሳልፈው፣ ቆዳው ገላውን እየላጠው፣ ውሾች እየጮኹበት፣ በባሕር ላይ አዛዥ የነበረው ሰው በየብስ ላይ ለሐኪሙ እንደሚታዘዝ ታያለህ። ቀልድ መስሎ ተጽፎ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም።

መምህር፦ እንግዲህ ስለ ሌላው የባሕር ደራሲ ስለ ፎረስተር ልጠይቅዎ። ሲሲል ስኮት ፎረስተር በ1899 ካይሮ ተወልዶ በ1966 እስኪሞት ድረስ፣ ከ1937 ጀምሮ ስለ ሆራሺዮ ሆርንብሎወር ሲጽፍ ኖረ። ኦብራያንም ወደዚህ ሥራ የገባው ፎረስተር ከሞተ በኋላ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ የባሕር ልብ ወለድ እንዲጽፍለት ስለ ጠየቀው ነው። ብዙዎች ታሪክ የሚፈጥነውና የሚያያዘው በፎረስተር ዘንድ ነው ይላሉ፤ እኔም በዚህ ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ባሕረኛ፦ ልክ ናቸው፤ ይፈጥናል። ሆርንብሎወርን በወጣትነቴ ከመኰንኖች መጻሕፍት መካከል አግኝቼ በሁለት ሌሊት ጨርሼዋለሁ። ብርቱ ሰው ነው፤ ነገር ግን ብቸኛ ነው። ፍርሃቱን ለማንም አይናገርም፤ በወለሉ ላይ ብቻውን ይመላለሳል፤ ራሱን ብቻ ይከስሳል። ደራሲው የሚነግረን ያን ዝምታ ነው። ኦብሪ ግን በመርከቡ ላይ የሚፈሩት እንጂ የሚያዋሩት የሌለው አዛዥ ሲሆን፣ ከመዓርግ ውጭ የሆነ አንድ ሰው አለው፤ ያም ሰው ተሳስተሃል፣ ስለ መግረፍም አላዋቂ ነህ፣ ስለ አየርላንድም ሐሰት ትናገራለህ ሊለው ይችላል። ማቱሪን በአባቱ አየርላንዳዊ በእናቱ ካታላን፣ በ1798 በአየርላንድ በእንግሊዝ ላይ የተነሡትን ያውቅና ይወድድ የነበረ፣ የእንግሊዝን መንግሥት የማይወድ፣ ናፖሌዎንን ግን ከዚያ አብልጦ ስለሚጠላ ለእንግሊዝ የሚሰልል ሰው ነው። እስቲ በእንዲህ ያለ ሰውና በጥሩ ልብ የእንግሊዝን ንጉሥ በሚያገለግል ወታደር መካከል ያለ ወዳጅነት በአንድ መጽሐፍ ያልቃልን?

መምህር፦ በጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ የተጣሉበት ትዝ አለኝ። ማቱሪን በምድር ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙትን እንስሳት ለማየት ደሴቱ ላይ እንዲወርድ ካፒቴኑ ቃል ገብቶለት፣ የጠላት መርከብ ማሳደድ ሲመጣ ግን ቃሉን ትቶ ሸራውን ዘረጋ። ማቱሪን ከመርከቡ ጫፍ ሆኖ ደሴቶቹ ሲርቁ ሲመለከት አሳዘነኝ፤ ኦብሪም ግዴታውን እንጂ ክፋትን አላደረገም።

ባሕረኛ፦ በየመጽሐፉ እንዲሁ ነው። ማቱሪን አንድ ሰዓት ይለምናል፤ ነፋሱ አይጠብቅም። ተመላለሰ ብለህ የነቀፍኸው ይህ ነው። ግን ምሽት ሲሆን ኪሊክ የተባለው አገልጋይ እያጕረመረመ ቡናውን ያመጣል፤ ዐይብም ጠብሶ በብር ሰሐን ያቀርብላቸዋል፤ ቫዮሊኑና ቼሎው ከሣጥን ይወጣሉ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ይህ እራት ነው፤ በአሥራ አምስተኛው ላይ ዕርቅ ነው። ያው ዐይብ፣ ያው ቡና፣ ያው የኪሊክ ማጕረምረም። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና በተጣላን ጊዜ ይቅርታ ስትል አልሰማኋትም፤ ጀበናውን ስትጥድ ግን አውቅ ነበር።

መምህር፦ ነፍሳቸውን ይማር። በዚህ ላይ ምንም አልመልስም።

ባሕረኛ፦ ቡናው ደረሰ፤ ጠጣ። ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ውጊያ ሆነብህ?

መምህር፦ አምስተኛው፤ «ዴሶሌሽን አይላንድ»።

ባሕረኛ፦ አወቅሁ። ሌላ ብትለኝ አዝን ነበር። «ሌፐርድ» የምትባለው አሮጌ ባለ 50 መድፍ መርከብ፣ በደቡብ ውቅያኖስ፣ ከኋላዋ ባለ 74 መድፍ የሆላንድ መርከብ እያሳደደቻት። ያን ባሕር አላየሁትም፤ ስለ ማዕበሉ የተጻፈውን ግን ባሕር ያየ ሰው ሁሉ ያምናል። ማዕበሉ እንደ ተራራ ነው፤ መርከቧ በሁለት ተራሮች መካከል ባለው ሸለቆ ስትወርድ ነፋሱ ይቋረጥና ሸራው ይረግባል፤ ወደ ጫፉ ስትወጣ ነፋሱ በሙሉ ኀይሉ ይመታታል። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥም ሳለች ከኋላዋ ከሚመጣው ማዕበል እንድታመልጥ የሚያበቃ ሸራ መያዝ አለባት፤ ካነሰ ማዕበሉ ከኋላ ይውጣታል፤ ከበዛ ደቀሉ ይሰበራል። ጥቂት ወደ ጎን ካዘነበለች ደግሞ አለቀላት። በዚህ ላይ ኦብሪ የራሱን ጓዳ መስኮት አንሥቶ፣ ከዚያ ወደ ኋላ በመድፍ ይተኵሳል። ውኃው በመስኮቱ ይገባል፤ ሰዎቹ እስከ ወገባቸው ርሰው ባሩዱን ከውኃ ይከላከላሉ፤ እርሱም ከእንጨት ስንጣሪ ቈስሎ ደሙ በፊቱ ይወርዳል። አንዱ ጥይት የሆላንዷን የፊት ደቀል መታ።

መምህር፦ ከዚያም አንድ ዐረፍተ ነገር ያህል ነው። መርከቢቱ ወደ ጎን ዞረች፤ ማዕበሉ መጣ፤ በሚቀጥለው ማዕበል ጫፍ ላይ ሲመለከቱ ምንም አልነበረም።

ባሕረኛ፦ ምንም። ስድስት መቶ ሰው። ኦብሪ የድል ቃል አልተናገረም፤ የሰዎቹን ቍጥር ብቻ ተናገረ፤ ድንጋጤውም እንደ ገደለ ሰው ድንጋጤ ነበር። የጦርነት መጽሐፍ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ድል አድራጊው በዚያች ቅጽበት ፊቱ እንዲህ የገረጣበትን ግን ሌላ አላውቅም። ጠላቶቹ ቢሆኑም እንደ እርሱ ባሕረኞች ነበሩና፤ ያ ውኃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝም ያውቃልና።

መምህር፦ ዘጠነኛውን መጽሐፍ ግን እርስዎ ከሌላው አንባቢ ይልቅ ሊፈርዱበት ይችላሉ። ኦብሪ ሰዎቹን ይዞ የስዌዝን ልሳነ ምድር በእግር አቋርጦ፣ በቀይ ባሕር «ናዮቢ» በምትባል መርከብ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ የተጻፈው ሙቀት እውነተኛ ነውን?

ባሕረኛ፦ እውነተኛ ነው። በምጽዋ በሐምሌ ወር የመርከቡን ብረት በባዶ እጅ መንካት አይቻልም ነበር፤ ሌሊት በወለሉ ላይ እርጥብ አንሶላ ለብሰን እንተኛለን፤ ንጋት ላይ አንሶላው ደርቆ ጨው ያወጣል። ያን መጽሐፍ በደጋ ተቀምጬ ሳነብ አንገቴ ላይ ያ ጨው ተሰማኝ። አስተርጓሚው ለመዋኘት ገብቶ ሻርክ የበላው ጊዜ፣ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ቀን ተውሁት፤ እኛም እዚያ ውኃ ውስጥ ስንዋኝ የነበርን ልጆች ነንና። ማቱሪንም በደወል ቅርጽ በተሠራ የመጥለቂያ ዕቃ ወደ ባሕሩ ወለል ወርዶ ከሰጠመች አንዲት መርከብ ሣጥኖች ሲያወጣ፣ ብር የተጠበቀበት ሣጥን እርሳስ ሆኖ ተገኘ፤ ያ ሁሉ ሙቀትና ያ ሁሉ ድካም በከንቱ። ይህንም ወደድሁለት። በልብ ወለድ ውስጥ ከንቱ የሆነ ድካም ማግኘት ብርቅ ነው።

መምህር፦ እኔ ደግሞ ያን ሳነብ የራሳችንን ታሪክ አሰብሁ። በዚያ በናፖሌዎን ጦርነት ዘመን አገራችን በመሳፍንቱ ተከፋፍላ ነበረች። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805፣ ዳግመኛም በ1810 ከዚያው ባሕር ተነሥቶ ወደ ትግራይ ወጥቶ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ቀርቧል። የኦብሪ ናዮቢ የልብ ወለድ መርከብ ናት፤ የእንግሊዝ መርከቦች ግን በእርግጥ በደጃችን ያልፉ ነበር። እንግዲህ የመጨረሻውን ክርክሬን ላንሣ፤ በእርሱ አልረታም ብዬ አስባለሁ። በአሥራ ዘጠነኛው መጽሐፍ ዳያና ሞተች፤ ለብዙ ዓመታት ማቱሪን የወደዳት፣ ያሳዘነችው፣ በመጨረሻም ሚስቱ የሆነችው። መሞቷ ግን ከመድረክ ውጭ ነው፤ ሠረገላ ስትነዳ ከድልድይ ላይ ወድቃ እንደ ሞተች፣ መርከቦቹ ወደ ጅብራልታር ሲገቡ ከሚመለከቱ መኰንኖች ወሬ እንሰማዋለን። ቦንደንም፣ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ የካፒቴኑን ጀልባ የመራው ታማኙ ቦንደን፣ በመጨረሻው ምዕራፍ በጥቂት መስመር ይሞታል። ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች ልቅሶ አይገባምን? ደራሲው ደክሞት ነበር እላለሁ።

ባሕረኛ፦ ያ መጽሐፍ በ1998 ወጣ። የደራሲው ሚስት ሜሪ በዚያው ዓመት ሞተች። ከ1949 ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኮሊዩር በምትባል የባሕር ዳር መንደር አብራው የኖረች፣ የሥራው ረዳት የነበረች ሚስት ናት። እርሱም ሰማንያ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ደክሞት ነበር ያልኸው ትክክል ይሆናል። ነገር ግን የዳያናን ሞት በመጀመሪያ ያነበብሁ ጊዜ እንዳንተ ተቈጥቼ፣ ሚስቴ በሞተች ዓመት እንደገና ሳነበው ሌላ ነገር አየሁ። ማቱሪን በዚያ መጽሐፍ ስለ እርሷ ምንም አይናገርም። ይሠራል፤ ይበላል፤ ይሰልላል። ጓደኞቹ ፊቱን እያዩ ዝም ይላሉ። ደራሲው ልቅሶውን መጻፍ ስላልቻለ ዝምታውን ጻፈ፤ እኔም ያን ዓመት እንዲሁ ነበርሁ።

መምህር፦ እንደዚህ አላነበብሁትም።

ባሕረኛ፦ ስለ ቦንደን ግን ከአንተ ጋር ነኝ። ለቦንደን አንድ ገጽ ይገባው ነበር። እስከ ዛሬ አልተውሁለትም።

መምህር፦ የደራሲው የራሱ ሕይወትስ አያስቀይምዎትም? በ1914 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ ስሙ ፓትሪክ ራስ ሲሆን፣ በ1945 ስሙን ኦብራያን ብሎ ለወጠ፤ ሰዎችም አየርላንዳዊ እንደ ሆነ ሲያምኑ አላረማቸውም። እውነቱ በእርጅናው ዘመን በጋዜጣ ሲወጣ ብዙ አንባብያን እንደ ተታለሉ ቈጠሩት። ባሕረኛም አልነበረም፤ ከመርከብ ሥራ እንጀራውን አልበላም።

ባሕረኛ፦ ሰውየው ሰላይ ፈጥሮ ሃያ መጻሕፍት ሙሉ ምሥጢር የሚይዝ ሰው ልብ ምን እንደሚመስል ጻፈ። ከየት አወቀው ብለህ አስበህ ታውቃለህ? የተወውን ስም ለምን እንደ ተወው እርሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ባሕረኛ ባለመሆኑ ግን ይበልጥ አከብረዋለሁ፤ እኔ ባሕር ላይ ኖሬ ከዚያ አንድ ገጽ መጻፍ አልቻልሁምና።

መምህር፦ በ1991 ሪቻርድ ስኖው የተባለው ጸሓፊ በኒውዮርክ ታይምስ፣ እስከ ዛሬ ከተጻፉት የታሪክ ልብ ወለዶች ሁሉ የሚበልጡ ናቸው ብሎ ከመሰከረ ወዲህ ስሙ በአሜሪካ ገነነ። ለሃያ ዓመት ያህል ጥቂት አንባብያን ብቻ ይዞ መጻፉን ሳስብ፣ «በአሥር ይብቃ» ያልሁትን ቃል ብመልሰው ይሻላል መሰለኝ። ግን እንግዲህ ጋሼ፣ ሃያኛው አልቆ አላለቀም። ኦብሪ አድሚራል ሊሆን ነው፤ ማቱሪን እንደገና ተስፋ ጀምሯል። ሃያ አንደኛ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባሕረኛ፦ አለ። ከመደርደሪያው ላይ አላኖርሁትም፤ ከመሳቢያው ውስጥ ነው። ቆይ። ይኸውልህ። ደራሲው በጥር 2000 በደብሊን ሲሞት ጀምሮት የነበረው ነው፤ በ2004 አሳተሙት። እንዲህ ገልጠህ እይ፤ በአንዱ ገጽ የታተመው ፊደል አለ፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ የእጁ ጽሑፍ እንዳለ ተቀርጿል። ደቃቅ ነው፤ የሰረዘው አለ፤ ከዳር የጨመረው አለ። ታይፕ የተደረገው ከዚህ ላይ ያቆማል። የእጁ ጽሑፍ ግን ጥቂት ገጾች ይቀጥላል፤ እየው፣ መስመሩ ይዘነብላል፤ ከዚህ ያቆማል።

መምህር፦ ምን ይላል መጨረሻው?

ባሕረኛ፦ አላነበብሁትም። ጽሑፉን እመለከታለሁ እንጂ አላነበውም። በየዓመቱ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሃያኛው ላይ ስደርስ፣ ከመሳቢያው አውጥቼ የእጁን ጽሑፍ አይና መልሼ እዘጋዋለሁ። አንተ ብትፈልግ ውሰድ፤ ግን ያነበብኸውን አትንገረኝ።

መምህር፦ እኔም አልወስደውም ጋሼ። ይልቁንስ ሁለተኛውን ይስጡኝ፤ እየቸኰልሁ ያለፍሁትን።

ባሕረኛ፦ ከግራ ሁለተኛው ነው፤ አውርደው። ሽፋኑ እየላላ ነውና በጋዜጣው ጠቅልለው፤ እስከ ፍልሰታ መጨረሻ ይበቃሃል።